ሁሉን የሚያስገባ ቀዳዳ

ጋሼ በጠዋት ደውለው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ውስጥ ቁማር የከፈተው ማነው?" ሲሉ እህቴ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ አፏን ተጉመጠመጠች። እኔ በሩ ላይ ፎጣ ይዤ ተራዬን እጠብቅ ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

"ደህና አደሩ ጋሼ። የትኛው ቤት?"

"የትኛው ቤት ትለኛለች እንዴ! ድረ ገጹ ነዋ። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት አሁን ደወለችልኝ። የእናቷን ፎቶ ለማየት ስትከፍተው 'ዛሬ ዕድልዎን ይሞክሩ' የሚል መንኮራኩር ይሽከረከርባታል።"

"ሞከረች?"

"ምኑን?"

"ዕድሏን።"

"ቀልጂ አንቺ! እኔ በየት በኩል ቀና ብዬ ልያት?"

እህቴ መስተዋቱ ውስጥ ራሷን አየችና "አውቄው ነበር፤ አውቄው ነበር" አለች። ለሳቸው ይሁን ለራሷ አልገባኝም።

ቤተሰቡ እህቴን "ጥገና" ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለች ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ የበር እጀታ፣ እጇ የገባውን ሁሉ ትፈታ ነበር። ግማሹን መልሳ ትገጥማለች፤ ግማሹ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅሞ አልጋ ሥር ይቀራል። "ይህቺ ልጅ ወይ ጥገና ትማራለች፣ ወይ ቤቱን አፍርሳ ታስረክበናለች" አሉ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማረች፣ ጥቂት ዓመታት አስተማረች፣ በመጨረሻ የሰው ድረ ገጽ መጠበቅ እንጀራዋ ሆነ። የመድኃኒት ቤት፣ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ፣ የጥርስ ሐኪም ገጽ ትጠብቃለች። ያረጀውን ትቀይራለች፣ የተሰበረውን ትጠግናለች፣ የማይገባ ነገር እንዳይገባ ታያለች። ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ደንበኛው "ግን አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" ይላታል። ሲበላሽ ደግሞ "አንቺ ምን ስትሠሪ ነበር?"

የምትሠራው ከመኝታ ቤቷ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የእናታችን የስፌት መኪና በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ፔዳሉ ግን አለ። ስትናደድ በእግሯ ትረግጠዋለች። እሷ ዘንድ ባረፍኩ ቁጥር ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ፔዳሉን ስሰማ የትኛው ደንበኛ እንደደወለ መገመት እችላለሁ። ጋሼ ሲሆኑ አንድ ሙሉ ልብስ የሚሰፋበት ያህል ይረገጣል።

ጋሼ የእናታችን ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በፎቶ አንሺነት ነው የጨረሱት። ፎቶ ቤታቸው በመድኃኒት ቤትና በአንድ ጫማ ሰፊ መካከል ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል፦ ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ በርጩማ፣ ከጨለማው ክፍል የሚወጣው እንደ ኮምጣጤ የሚሰነፍጥ ሽታ። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ እናታችን እስክትመጣ እዚያ ነበር የምንቆየው። በሩ ላይ ከናስ የተሠራ ረዘም ያለ ቀዳዳ አለ። ቤቱ ሲዘጋ ሰው የተቀደደ፣ የሻገተ፣ ውሃ የጠጣ ፎቶውን በፖስታ አድርጎ በዚያ ይከታል። ጋሼ በማግስቱ አንስተው ያድሱታል፤ ድሮ በብሩሽና በቀለም፣ ኋላ በኮምፒውተር። በዚያ ቀዳዳ የገባ አይጠየቅም፤ ሕጋቸው ነው። የመብራት ደረሰኝ ገብቶ ያውቃል። የተገመጠ ዳቦ ገብቶ ያውቃል። አንድ ዝናባማ ጠዋት የድመት ግልገል ወለሉ ላይ ተገኘች፤ እሷም ሳትጠየቅ እዚያው አርጅታ ሞተች።

እህቴ ድረ ገጽ ስትሠራላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ቀዳዳውስ?" የሚል ነበር። "ሰው ፎቶውን በምን በኩል ይጥልልኛል?"

ለዚህ ብላ ፕለጊን ገጠመችላቸው። ፕለጊን ማለት ተሠርቶ ባለቀ ቤት ላይ ሌላ ሰው የሠራውን መስኮት አምጥቶ መግጠም ነው። የጋሼ መስኮት ሥራው ከማንም ስልክ ፎቶ ተቀብሎ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ችግሩ የሚቀበለውን አያይም። ላኪው "ፎቶ ነው" ካለ ፎቶ ነው፤ ፖስታውን ሳይከፍት ላዩን ብቻ አንብቦ እንደሚያሳልፍ ዘበኛ። ሌባ ፕሮግራም ይጽፍና "ይሄ ፎቶ ነው" ብሎ ይልካል። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ከውጭ ሆኖ ይጠራዋል። ፎቶ የተባለው ነገር ይነሳና የቤቱን ዕቃ ማገላበጥ ይጀምራል።

የፕለጊኑ ሠሪዎች ስህተታቸውን አውቀው የታረመ ካወጡ ቆይተዋል። አዲሱ ውስጡን ከፍቶ ያያል፤ የላኪውንም ስም ይጠይቃል። ጋሼ "በኔ ቤት ሰው ስሙን አይጠየቅም" ብለው እምቢ አሉ።

"የጥርስ ሐኪሙ ገጽ ቢሆን ሳልነግረው ቀይሬው እተኛ ነበር" አለችኝ እህቴ ያን ዕለት ፔዳሉን እየረገጠች። "ጋሼን ግን ጠየቅኋቸው። ጥፋቴ መጠየቄ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!"

ያስጨነቃት ቁማሩ አልነበረም። የጋሼ ዓይን እየሄደ ነው። አንዱ ከሄደ ቆይቷል፤ ሁለተኛው መሐሉ እየጨለመ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው። ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። ግን የሐኪሙ ረዳት የአክስታችን ጎረቤት ናት፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። እሳቸው እንደምናውቅ ያውቃሉ፤ ሁላችንም እንደማናውቅ እንኖራለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያደሷቸው ፎቶዎች የዚያ ዓይን የመጨረሻ ሥራ ናቸው። ያሉትም ድረ ገጹ ላይ ብቻ ነው። ጋሼ አንድ ሥራ ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ከኮምፒውተራቸው ያጠፉታል። "መስኮት ላይ የተሰቀለ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አይቆይም" ይላሉ። እህቴ በየጊዜው ቅጂ እንድትወስድ ብትለምን "ቤቱ ሲሞላ ትወስጂያለሽ" ነበር መልሳቸው።

ስለዚህ ተቀምጣ አጸዳች። ሌባው መጀመሪያ የገባበትን ቀን አገኘች። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ፋይሎች መካከል እንደ ፎቶ የማይከፈተውን ሁሉ ለቀመች። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን ወደ ጎን ቆልፋ ታቆያለች፤ ያን ቀን ግን ንዴት አናቷ ላይ ወጥቶ ስለነበር ጠርጋ ደፋችው። አሮጌውን ፕለጊን ነቅላ አዲሱን ተከለች። ለጋሼም ደውላ "እንዳይነኩት፤ በፈጠረዎት!" አለቻቸው።

"እኔ ምን አግብቶኝ እነካለሁ?" አሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ መንኮራኩሩ እንደገና መሽከርከር ጀመረ።

ይህን ጊዜ ቀድሞ የደወለው ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ድምፁ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ነው። "እህት፣ ከናንተ ገጽ ወደ ሌሎች ደንበኞቻችን እየተዛመተ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም ሁሉንም እንደመስሰዋለን።"

"ፎቶዎቹንም?"

"ሁሉንም። መለየት የኛ ሥራ አይደለም።"

ወደ ጋሼ ደወለች። 'እርስዎ' እያሉ መጮህ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

"ጋሼ፣ አሮጌውን ፕለጊን ማነው የመለሰው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ጋሼ!"

"ካሸሯ ናት።"

ከኋላ የፎቶ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ፣ የካሸሯ፣ ድምፅ ተሰማ። "ኧረ እኔ የለሁበትም! መልሺው ያሉኝ እሳቸው ናቸው! ስልኩን ይስጡኝና ልንገራት!"

"ዝም በይ አንቺ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያስመለስኩት። ያንቺ አዲሱ ሥራዬን አልቀበልም አለኝ። እኔን! በገዛ ቤቴ!"

የትኛውን ሥራ ብላ አልጠየቀችም። ቢያንስ መጠየቅ ነበረባት፤ ግን ሰው ጨጓራው ሲላጥ አይጠይቅም። ስልኩን ዘጋች፣ ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረች፣ ወደ እኔ ዞረች። "ተነስ። ሰው ከገደልኩ ምስክር ትሆናለህ።"

ፎቶ ቤቱ ስንደርስ ካሸሯ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና፣ አያችሁልኝ በሚል ዓይን አየችን። ጋሼ ኮምፒውተራቸው ፊት አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ተቀምጠዋል፤ እንደ ወፍ፣ በዓይናቸው ዳር ነው የሚያዩት። ግንባራቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ይነሱልኝ ጋሼ።"

"ሰላምታ ጠፋ?"

"ሰላምታ ገጹ ሲድን።"

ገጹን ከሕዝብ ዘጋችው። ሌባው ይገባበት የነበረውን መስኮት ነቀለች። ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ወደ ራሷ ማሽን ገለበጠች። "አሁን ከሥሩ ነው የማጸዳው" አለችኝ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በፊት ሌባው ከገባ ወዲህ ያለውን የአንድ ወሩን ብቻ ነበር ያየሁት፤ አሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶ ሆኖ የማይከፈት ሁሉ ይሄዳል።" የማይከፈቱትን ለየቻቸው። ብዙ ነበሩ። ልታጠፋቸው ጣቷን አነሳችና ቆመች።

"'ጆሮ የሌላት ሙሽራ'" ብላ የፋይሉን ስም አነበበች። "ሌባ እንዲህ ያለ ስም ያወጣል?"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የኔ ናት።"

"አትከፈትም እኮ።"

"ባንቺ አትከፈትም። በኔ ትከፈታለች።"

እሳቸው በሚያድሱበት ፕሮግራም ስንከፍታት እውነትም ወጣች፤ ግማሽ ፊቷ የታደሰ፣ ግማሹ ገና የሻገተ፣ አንድ ጆሮ የጎደላት ሙሽራ። ያላለቀ ሥራ ነው። ፎቶ ከመሆኑ በፊት ያለ፣ የእጃቸው ንክኪ ሁሉ በየድርቡ የተቀመጠበት። ድረ ገጹ እንዲህ ያለውን አይቀበልም። ካሸሯ አንድ ቀን "የፋይሉን ስም ጭራ፣ ዓይነቱን የሚናገረውን፣ ቢቀይሩት ይገባልዎታል" አለቻቸው። ጭራውን ቀየሩት፤ ፕለጊኑም ስሙን አምኖ አስገባላቸው።

"ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት" አሉ ጋሼ። "ይሄ ምን ጥፋት አለው?"

እህቴ ጭንቅላቷን ያዘች። "ጋሼ! ሌባውም ያደረገው ይሄንኑ ነው! እሱም ፎቶ ያልሆነውን ፎቶ ነው ብሎ ነው የላከው!"

"እኔና ሌባ አንድ ነን?"

"የሥራ ባልደረባ ናችሁ! አዲሱ ፕለጊን ሌባውን ሲመልስ እርስዎንም የመለሰው ለምን ይመስልዎታል?"

ካሸሯ ሳቋን ለመደበቅ መሳቢያ ከፈተች።

"ለመሆኑ ያላለቀ ሥራ ገጽ ላይ ምን ይሠራል? ለሰው አይታይ! ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው!"

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የሌለ አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። "አንድ ቀን የሚያይ ሰው ይጨርሰዋል ብዬ ነው።"

ካሸሯ መሳቢያውን ዘጋች። እኔ መጋረጃውን ማየት ጀመርኩ። እህቴ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና "እኔ ስሙን እጠራለሁ፤ እርስዎ የኔ ነው፣ የኔ አይደለም ይበሉኝ" አለች።

"'የሻገተ ሠርግ'።"

"የኔ።"

"'ግማሽ አክስት'።"

"የኔ። ግማሿን አይጥ በልቷት ነው።"

ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ትንፋሽ የሚጨርስ ስም መጣ። አነበበችላቸው።

"የኔ አይደለም። እኔ እንዲህ አልሳደብም።"

"'አርማ'።"

"የኔ።"

"ምንድን ነው?"

"እንጃ።"

"ታዲያ እንዴት የእርስዎ ሆነ?"

"ቤቴ ውስጥ ተገኝቶ!"

"ጋሼ፣ እዚህ ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ የእርስዎ አይደለም! ድመቷም የእርስዎ አልነበረችም!"

"እንግዲህ ቀብሬያታለሁ" አሉ ጋሼ በኩራት።

'አርማ' ሲመረመር የሌባው ሆኖ ተገኘ። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እሷ እየጠራች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እየመለሱ ሁሉን ለዩ። የጋሼ የተባለው በሙሉ በማደሻው ፕሮግራም ተከፈተ፤ የሌባው በሙሉ ተወገደ። እህቴ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

"መንትዮቹስ?" አሉ ጋሼ።

"የትኞቹ መንትዮች?"

"መንትዮቹ ነዋ! ብስክሌት ላይ የተነሱት። አልጠራሻቸውም። አንደኛውን ጨርሼዋለሁ፤ የቀረኝ የሁለተኛው ፊት ነው። በቅርቡ ነው የሰቀልኩት።"

እህቴ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወሰደች፣ ወደ ታች አመጣች። እግሯ ፔዳል ፍለጋ ወለሉን ሲረግጥ አየሁ። በመጀመሪያው ጽዳት፣ ሌባው ከገባ ወዲህ የመጣና የማይከፈት ብላ የደፋችው ትዝ አላት። ወደ ድርጅቱ ደወለች። ያ እንቅልፋም ሰውዬ፣ ያላቸው ቅጂ ከእሷ ጽዳት በኋላ የተወሰደ መሆኑን ነገራት። ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"ጋሼ። የሉም።"

"ሌባው ወሰዳቸው?"

"ሌባው አይደለም። እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ደፋሁት። ሳላይ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት። ስድብ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመሳደብ መብት ነበራቸው፤ እህቴም ትፈልገው ነበር።

"ዋናውን ለባለቤቱ መልሼዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ዋናው ሁልጊዜ የባለቤቱ ነው።" ወደ ካሸሯ ዞሩ። "ሂጂ፣ ጫማ ሰፊውን ጥሪው። ፎቶውን ይዞ ይምጣ በይው።"

ካሸሯ ወጣች። ጫማ ሰፊው ሽርጡን ሳያወልቅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይዞ መጣ። ብስክሌት ላይ ሁለት ልጆች ተፈናጥጠዋል። የፊተኛው ፊት በጭረት ተሸፍኗል። የኋለኛውን ፊት ቅዳጅ ለሁለት ከፍሎታል፤ አፍና አፍንጫው የነበሩበት ቦታ ነጭ ሆኗል። የፊተኛው እሱ ራሱ ነው። የኋለኛው በሕይወት የለም።

"ገና ነው እንዴ?" አለ ጫማ ሰፊው።

"ገና ነው" አሉ ጋሼ። "እንደገና ነው የምንጀምረው፤ የመጀመሪያው አልጣመኝም።" ወደ እህቴ ዞሩ። "የድረ ገጹን ቀዳዳ አዲሱን አድርጊበት። ስማቸውን ይጠየቁ፤ ይፈተሹ። የማይፈልግ በበሩ ቀዳዳ ይክተት። አሁን ማውሱን ያዢ።"

"እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ መሳል አልችልም።"

"እኔስ ማየት እችላለሁ?"

ይህን ቃል ከአፋቸው ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። እህቴ ማውሱን ያዘች።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ጫማ ሰፊውን በርጩማው ላይ አስቀመጡት፤ መንታ ነውና ወንድሙ ከሱ ፊት ላይ ይገኛል አሉ። ግን ሰውዬው አርጅቷል። ጉንጩ ወርዷል፤ ከአፍንጫው ሥር ፂም አለ። "ፂሙን እርሺው" ይላሉ ጋሼ ከኋላዋ ቆመው። "ጉንጩን ወደ ላይ አንሺው። የዚህኛው አገጭ ደፋር ነው፤ የሟቹ ግን ዓይን አፋር ነበር፤ አስገቢው።"

"አገጭ እንዴት ነው ዓይን የሚያፍረው?"

"አንቺ አስገቢው ብቻ! ኧረ በዛ! አገጭ ነው እንጂ ጉድጓድ አልኩሽ?"

"ጋሼ፣ እየሞከርኩ ነው!"

"ወደ ግራ። ያንቺን ግራ አይደለም፣ የሱን ግራ። ምን አድርገሽው ነው? አፍንጫ ሥሪ አልኩሽ እንጂ ድንች ዝሪ አልኩሽ?"

"እሱን ራሱን ይዩት እኮ! የሱም ድንች ይመስላል!"

ጫማ ሰፊው በርጩማው ላይ ሆኖ አፍንጫውን ዳሰሰ። ተነስቶ መጣና ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ወንድሜ አይደለም" አለ። "ግን ወደሱ እየመጣችሁ ነው። ትንሽ ይቀጥን ነበር።"

"ሰማሽ?" አሉ ጋሼ። "አቅጥኚው።"

እህቴ ጥርሷን ነክሳ ታቀጥን ጀመር።